ለእማዬ፣ ውርጭ ስለሰነጠቀው የጀልባ ቱቦ

እማዬ፣ ያለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ። በሰኔ ጭቃ ሸኝተንሽ ይኸው ታኅሣሥ ገባ። ስድስት ወር ሙሉ «አንተ ቀጣፊ» ብሎ የጠራኝ የለም። ማለቴ፣ ሁሉም ይሉኛል፤ እንዳንቺ እየሳቀ የሚለኝ ግን ጠፋ።

በጽሕፈቴ አትሳቂ። ዳዊት ሳልጨርስ ለምን እንደተባረርኩ ታውቂያለሽ፤ የየኔታን መቋሚያ ማር ቀብቼ ዝንብ ስላስወረርኳቸው ነው። ወረቀቱም የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ቤታችንን ልንገርሽ። ለእንስራ ብለሽ ያቦካሽው ሸክላ ጓሮ እንዳለ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እህቴ አስካለ ደምሌን አግብታ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች። እኔ ብቻዬን ነኝ። እራት ስበላ ዞር ብዬ ከራሴ ሣህን እሰርቃለሁ፤ ሌባውም እኔ፣ ተሰራቂውም እኔ፣ የሚጮህብኝ ብቻ የለም።

ቀን ቀን ማርቆስ ከተማ፣ አገራችንን የያዙት ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ብሎን እፈታለሁ። ጎረቤት በዚህ አኩርፎኝ ሰላምታዬን እንኳ ግማሹን ነው የሚመልስልኝ። አንቺ ብትኖሪ ምን ትዪኝ እንደነበር አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጀልባ ሞተር መጣ። ዓባይ ላይ ለሚሻገር ጀልባ ነው አሉ። የጫነው ካሚዮን ጮቄ ተራራ ላይ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ውርጭ ሲመታው ሰንብቷል፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ ግን የደፋው አልነበረም። ውሃው በረዶ ሆኖ አብጦ ነበር። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ፈትተን እንድናይ ታዘዝን። ይህ ቱቦ ድርብ ነው፤ በመሐሉ ጭሱ ይወጣል፣ በዙሪያው እንዳይግል ውሃ ይዞራል። የመሐሉ ግድግዳ ተሰንጥቆ ከነቃ ውሃው ወደ ሞተሩ ይገባና ጀልባዋ ወንዙ መሐል ቀጥ ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚነዳት ጅረቱ ነው።

እንስራ ከእሳት ስታወጪ እንደምታደርጊው በጣቴ አንጓ መታሁት። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የነቃው ጉሮሮውን እንደታመመ ሰው ነው። ይኸኛውም ጉሮሮውን ታሟል። ጣሊያኑ መካኒክ ግን ውሃ ሞልቶበት ቆየና ጠብ የሚል ሲያጣ «ደህና ነው» አለ። «ነቅቷል» አልኩ። ጋራዡ በሳቅ ሞላ። እንዴት አይስቁ! ከወር በፊት አንዱን ደህና ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ አርሼ፣ «ያፈሳል» ብዬ ሰውየውን ግማሽ ቀን ብሎን ሲፈታ ያዋልኩት እኔው ነኝ። አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ፣ «አሁንም ቀልድህ ከሆነ እስር ቤት ትገባለህ ይልሃል» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ልል ነበር። ሞተሩ የእነሱ፣ ጀልባው የእነሱ፤ ይስመጥላቸው! ግን ጀልባዋ ላይ ገመድ ያዥ ሆኖ የተቀጠረው የአስካለ ባል ነው። ዋና አይችልም። በማግስቱ ከሞተሩ ጋር ወደ ዓባይ ሊወርድ ነው። ሄጄ «አትሂድ» ብለው፣ «ዛሬ ደግሞ ተረኛው እኔ ነኝ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ያን ጊዜ አንቺ የሞትሽበት ዕለት መጣብኝ። ጎረቤት ልጠራ ስሮጥ፣ «አምና በሬው ገደል ገባ ብለህ አስሮጥኸን፤ ዛሬ ደግሞ እናትህን?» ብለው ሳቁብኝ። ያመኑኝ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ነው። ይዣቸው ስመጣ አልጠበቅሽኝም።

ስቀልድና ሳልቀልድ ለይተሽ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ፊቴን አንዴ ታዪና ወይ ትስቂያለሽ፣ ወይ ነጠላሽን ታነሺያለሽ። ምኔን አይተሽ እንደምትለዪ ብጠይቅሽ፣ «ከነገርኩህ ትደብቀዋለህ» አልሽኝ። ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ለሰዎቹ አሳያቸው ነበር።

ደብረ ኤልያስ ገበያ «ማሰሮሽ ያፈሳል» ብላ የመጣችውን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ? ውሃ ብትሞዪበት ጠብ አላለም። ሰዉ «ቀጣፊ» ብሎ ሲሰድባት አንቺ ውሃ አፍልተሽ ሞላሽበት፤ ከሥሩም አመድ ነሰነስሽ። ሲሞቅ አመዱ ረጠበ። ሌላ ማሰሮ መርጠሽ ሰጠሻትና ይቅርታ ጠየቅሻት።

በማግስቱ ማለዳ ጋራዡ ውስጥ እኔም ውሃ አፈላሁ። የቱቦውን ዙሪያ በፍል ውሃ ሞልቼ አፉን በጨርቅና በጭቃ ወተፍኩት። ጭሱ የሚያልፍበትን መሐሉን ደግሞ ደረቅ አመድ ጠቀጠቅሁበት። ከበውኝ «ቱቦ ክርስትና ሊያስነሳ ነው!» ይላሉ። እኔ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ደግሜ ጠበቅ አደረግሁት። ቆየት ብዬ አመዱን ጨርቅ ላይ ሳራግፈው ደረቁ ብቻ ቦነነ። አንዱ አጨበጨበ። ደግሜ መታ ሳደርገው የባቄላ ፍሬ የምታህል እርጥብ አመድ ዱብ አለች። ተከትላት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

ጣሊያኑ አንዷን በጣቱ ፈርፍሮ አያት። ከዚያ ሞተሩ እንዳይጫን አዘዘ። ካሚዮኑ ባዶውን ሄደ፤ ደምሌም ቀረ።

አመሻሽ ላይ አስካለ ቤት ሄጄ «ባልሽ ዛሬ ከሞት ተረፈ፤ ያተረፍኩትም እኔ ነኝ» አልኳት። «አንተ መቼ ነው የምታድገው?» ብላ እየሳቀች ወደ ጓዳ ገባች። ደምሌም ሳቀ፤ ጉዞው የቀረው ካሚዮኑ ዳግም ስለተበላሸ ይመስለዋል፤ ባዶውን ሲሄድ አላየውም። ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅሁ። አጉርሰው ሸኙኝ። መንገድ ላይ ሳቄ አለቀ።

ለዚህ ነው ላንቺ የጻፍኩት። አንድ ሰው እንኳ ይወቅልኝ ብዬ ነው።

እማዬ፣ አልረሳሽም። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ዝክርሽን አወጣለሁ፤ ጓሮ የደረቀውን ሸክላሽንም ማንም አያነሳውም። ይህን ስጽፍ ፊቴን የሚያይልኝ የለም። ቢሆንም ቀልዴን አይደለም።

ልጅሽ