አንሶላ የማትይዘዋ እንግዳ

የምወድሽ አክስቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የተራራ ቤትሽን ግድግዳ ልቀባ ብለሽ መሰላል ላይ እንደምትወጪ አባቴ በስልክ ሲነግረኝ ሳቅሁም፣ ተናደድኩም። እባክሽ እስክመጣ ጠብቂኝ። ድመቲቱስ ከጎረቤት ተመለሰች ወይስ እዚያው ለመደች? እኔ ከጭንቀት በቀር ደህና ነኝ። በርገን ከተማ ያው በርገን ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣ ጫማዬ ከሰኔ ወዲህ ደርቆ አያውቅም።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። ስልክ ብደውልልሽ ስለ አየሩ ታወሪኛለሽ፣ እኔም ስለ አየሩ እመልስልሻለሁ፣ ከዚያ «በይ ደህና ሁኚ» ተባብለን እንዘጋለን። የእኛ ቤተሰብ ነገር እንዲህ ነው። የምነግርሽ ጉዳይ ደግሞ በዝናብ ወሬ መሃል የሚሸጎጥ አይደለም።

በዚህ የዕረፍት ወራት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሥራ ልምምድ ላይ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ስለ ሳይንቲስቶች ለትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ እናዘጋጃለን ብዬሽ ነበር። አልዋሸሁም፤ ግን ግማሹን ነው የነገርኩሽ። የምንጽፈው ሴት ሆነው ሴት ስላፈቀሩ፣ ወንድ ሆነው ወንድ ስላፈቀሩ፣ ወይም ሲወለዱ በተሰጣቸው ጾታ ስላልኖሩ ሳይንቲስቶች ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል፣ ከሥሩ ሥራቸውና ኑሯቸው ባጭሩ፣ ከዚያ ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩት አንድ ሙከራ ይኖራል። ጽሑፉ የእኔ ነው። የምትሥለው አብራኝ የምትለማመድ ኢዱን የምትባል ልጅ ናት፤ ከሰሜን ኖርዌይ የመጣች፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ስትስቅ ፎቁ ሙሉ የሚሰማት። አለቃችን ሃልዲስ ትባላለች።

ጉዱ የፈላው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከቤት የቋጠርነውን ዳቦ ፈትተን ስንበላ ሃልዲስ ማማረር ጀመረች። «የሠራናቸው በሙሉ ወይ የሩቅ አገር ሰው ናቸው ወይ የጥንት ሙታን። ልጁ ያይና 'እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው የለም' ብሎ ያልፋል። ከዚሁ ከተራራችን የወጣ ሰው የሚያውቅ የለም?» አለች። አፌ ከልቤ ቀደመ። «የአክስቴ ጓደኛ ሪግሞር ነበረችላችሁ፣ ነፍሷን ይማር፣ የበረዶ ናዳ ተመራማሪ» አልኩ። «ጓደኛ ስትዪ እንዴት ያለች ጓደኛ?» አለችኝ። እኔ ሞኟም ላስረዳ ተነሣሁ።

ከሌላ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ፣ ያልኩት ይህን ነው። ልጆች ሆነን ተራራው ቤት ስንመጣ እንግዳ ሁሉ የራሱን አንሶላ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ አባቴ ቢሆን፣ ቄሱም ቢሆኑ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ «አንሶላ ይዘሻል?» ሳትዪ ማንንም አታስገቢም። እናቴ አንዴ ረስታ መጥታ በመጋረጃ ተጠቅልላ ያደረችውን እስካሁን እንስቅበታለን። ሪግሞር ግን ስትመጣ የምትሸከመው አካፋዋንና የበረዶ መለኪያ ዘንጓን ብቻ ነበር። አንሶላ ይዛ አይቻት አላውቅም፤ አንቺም ስትጠይቂያት ሰምቼ አላውቅም፤ የእንግዳ አልጋም ተነጥፎላት አያውቅም። ይህን አወራሁ፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ኢዱን ብቻ አልሳቀችም። በኋላ ደረጃው ላይ ያዘችኝና «ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው? አንቺ ሕፃን ሆነሽ ያየሽውን ትልልቆቹ ያላዩት መስሎሽ ነው? አይተው ነው ዝም ያሉት» አለችኝ። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ሃልዲስ ነገሩን ያዘችው፤ ኢዱንም ታዘዘችና ሣለችው። አክስቴ፣ ብታዪው! ሪግሞር በረዶውን እስከ ትከሻዋ ቆፍራ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማለች፤ አንዱን ጓንቷን አውልቃ በጥርሷ ይዛ፣ በባዶ ጣቷ የበረዶውን ንብርብር ትዳስሳለች። የትኛው ንብርብር እንደሚከዳ በጣቷ ነበር የምታውቀው፣ አይደል? ከሥዕሉ ሥር ያለው ሙከራም የእሷው ነው፤ ዱቄትና ስኳር ሳህን ላይ ደራርቦ ሳህኑን ቀስ እያሉ ማዘንበልና የቱ ላይ እንደሚናድ ማየት። በአንቺው ዱቄት እኮ ነው ያስተማረችኝ፤ ወለሉን አበላሽተን ሁለታችንንም በመጥረጊያ ያባረርሽን ቀን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ ስለ ሞተ ሰው የተጻፈ ከመታተሙ በፊት የሟቹ የቅርብ ሰው ይጠየቃል። ሃልዲስ የቅርብ ሰው ብላ የደወለችው ለሪግሞር ወንድም ነው። እሱም «እህቴ ያገባችው በረዶ ነው። በርገን ውስጥ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ኖረች፣ ብቻዋን ሞተች። እንደዚያ ብላችሁ ከጻፋችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ተዉት» አላት።

ብቻዋን! መራመድ ሲያቅታት ማን ነው ከአልጋ ያነሣት? በማንኪያ ማን አጎረሳት? የቀብሯ ቀን ወንድሟና ልጆቹ ፊተኛው ወንበር ላይ ተደርድረው፣ አንቺ ኋላ ከመዘምራኑ ጋር ነበርሽ። አጠገብሽ ተቀምጬ የሰማሁት ቃል «ቤተ ክርስቲያኑ ይበርዳል» የሚለውን ብቻ ነው። እኔም «አዎ ይበርዳል» አልኩሽ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ለሃልዲስ «ወንድሟ የቅርብ ሰው አይደለም። የቅርብ ሰው ሌላ አለች፤ እሷ ሳትጠየቅ ማተሚያ ቤት እንዳትልኩት» አልኳት። «እንግዲያው ጠይቂያት» አለችኝ። ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው።

የምፈራው በሁለት በኩል ነው። እሺ ካልሽ፣ ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት ሥዕሉ ሸለቆው ውስጥ አንቺ ባስተማርሽበት ክፍል ሳይቀር ይሰቀላል። ሱቁ ውስጥ አይብ ሲቆረጥላቸው ጎረቤቶችሽ የሚንሾካሾኩትን፣ እሑድ መዘምራኑ የሚያዩሽን ዓይን አስቤ ላብ ያጠምቀኛል። እምቢ ካልሽ ደግሞ ሪግሞር ወንድሟ እንዳለው ብቻዋን እንደኖረች ትቀራለች፤ አንዲት «እንደ እኔ ያለ ሰው እኛ አገር የለም» የምትል ተማሪም እንዳሰበችው ትቀራለች። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኢዱን ትናንት «ይሄን ሁሉ የምትጨነቂው ለአክስትሽ ብቻ ነው?» አለችኝ።

ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይህን ሁሉ ዘመን የያዝሽውን እኔ የትናንቷ ልጅ ልበትነው አይገባኝም። ስለዚህ ውሳኔው የአንቺ ነው። ስምሽ ይግባ ካልሽ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ አንቺው ትነግሪኛለሽ፤ ስሜ ይቅር ካልሽም ይቀራል። ጭራሽ አይሆንም ካልሽ ሥዕሉን ጠቅልዬ አመጣልሻለሁ፣ የአንቺ ብቻ ይሆናል፤ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስመጣ ስለ አየሩ አታውሪኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እንመጣለን። እንመጣለን ያልኩሽ ኢዱንም ስላለች ነው፤ ከእኔ ይልቅ ቀለም መቀባት ታውቃለች፣ መሰላልም አትፈራም። ብሩሾቹን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊልን።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የምድጃሽ እንጨት አይርጠብ፣ ጣሪያሽ አያፍስስ፣ የሚያይሽ ዓይን ሁሉ የወዳጅ ዓይን ይሁንልሽ።

የምትወድሽ የወንድምሽ ልጅ

ይህን ሳልጽፍ ላሽገው ነበር፤ አንሶላ ይዣለሁ፣ ሰፊውን፣ ለሁለት የሚበቃውን። ኢዱን ግን ይዛ አትመጣም። እባክሽ በር ላይ አትጠይቂያት።