ሁለት ዲስክ በአንድ ላፕቶፕ

ሰኞ

ሀብቴ፣ እነዚያን ደቃቅ ብሎኖች የምትፈታበትን መፍቻ የት አደረግኸው? መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ የመጽሐፍ ካርቶኑን ገለበጥኩ። በመጨረሻ በቢላዋ ጫፍ ፈታሁት። ብታየኝ ትጮህብኝ ነበር።

አዲሱ ዲስክ፣ ኤስኤስዲው፣ ገብቷል። «መስከረም ሲጠባ አብረን እንቀይረዋለን» ብለህ ከነማሸጊያው ያስቀመጥከው። መስከረም ጠባ። ከመዘዞ ስትመለስ ሚኒባሱ ከተገለበጠ ዛሬ ሠላሳ ቀን።

የገባው ግን በአሮጌው ዲስክ ቦታ አይደለም። አክስቴ አስካለ ለቅሶው ካለፈ ጀምሮ ከአንኮበር መጥታ እኔ ጋ ናት፤ አንድ ሕግም አላት። አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ ከቦታው አይነሣም። ጃኬትህ ከምስማሩ አልወረደም። ጫማህ ከበሩ ኋላ ነው። ታዲያ ዲስክህን እንዴት ልንቀል? ሲዲ ማጫወቻውን አወጣሁና አዲሱን እዚያ ከተትኩት። ሲስተሙንም አዲሱ ላይ ጫንኩ። ያንተ እንዳለ ተቀምጧል። ሁለቱ ተቻችለው ይኖራሉ ብዬ ነበር።

ላፕቶፑ ለመነሣት አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሰዓት ይዤ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ዛሬም መጡ። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያው ውስጥ ያሉት፣ የልጃቸውን የሰናይትን የስምንተኛ ክፍል ካርድ ስካን ያደረግህላቸው። ዋናው ካርድ በክረምቱ ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ጠፍቷል። የቀረው ያንተ ዲስክ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ አርብ ያበቃል። ያለ ካርድ አንመዘግብም ብለዋታል። ልጅቷ እንደሆነ ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት ቆይታለች።

«ወንድምህ ‹እዚህ አስቀምጬልዎታለሁ፣ አይጠፋም› ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

አይጠፋም ያልከው አንተ ነህ። ፋይሉን ልከፍት ስል ማያው ቀጥ አለ።

ማክሰኞ

ፍጥነቱን ለካሁ። በሰከንድ አምስት መቶ ሜጋባይት ማንበብ የሚገባው ሃያ ስምንት አነበበ። አሮጌው እንኳ በደህናው ጊዜ ከመቶ አይወርድም ነበር።

የሞከርኩት፦

– አውጥቼ መልሼ ከተትኩ። ምንም።
– የመሰኪያውን ጥርስ በላጲስ ጠረግሁ። ምንም።
– ኃይል ቆጣቢውን አጠፋሁ። ሠላሳ አንድ! ዘለልኩ። ደግሜ ስለካ ሃያ ስድስት።
– ከኬሚስትሪ ቀርቼ ድራይቨሩን አደስኩ። ምንም። ኬሚስትሪውም አመለጠኝ።

ፎርጅድ ይሆን? ተሸውደህ ይሆን? ይህን ማሰቤ አናደደኝ። አንተን የሚሸውድ ሻጭ ገና አልተወለደም እንዳላልክ! ደግሞ ተሸውደህም ከሆነ አሁን በማን ላይ እስቃለሁ?

«ይኸ ነገር ሽምብራ ይቆረጥማል እንዴ?» አለች አክስቴ ከአልጋው ጫፍ። «ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እኮ።»

«የድሮው ዲስክ ነው። ሁሌም እንዲህ ነው» አልኳት።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። አውቃለሁ።

«መጠለያ» የሚለውን ፎልደርህን ከብዙ ጥበቃ በኋላ ከፈተልኝ። ስሞቹ መጡ፣ ምስሎቹ አልመጡም። የዚህን ያህል ሰው ወረቀት ማስቀመጥህን አላውቅም ነበር። ዝርዝሩ ወደ ታች ብስበው፣ ብስበው አያልቅም። ሰናይት ወደ መጨረሻው ላይ አለች። ስጫናት ሁሉም ነገር ቆመ። ጠቅልዬ አጠፋሁት።

ረቡዕ

በዕረፍት ሰዓት ላፕቶፑን አይቲ ለሚያስተምረን ለቲቸር ታዬ ወሰድኩለት። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«አዲሱን በጓሮ በር ያስገባው ማነው?»

«እኔ።»

«አሮጌውን ለምን ተውከው?»

ነገርኩት። አልሳቀም።

«አዲሱ ደህና ነው። አሮጌው እየሞተ ነው። ሲስተሙ በየደቂቃው ‹አለህ?› ይለዋል፣ መልስ እስኪሰጠው ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።» ወዲያው ደንገጥ አለ። «ማለቴ... እየተበላሸ።»

«ገባኝ ቲቸር።»

ከውጭ የሚያገናኝ ኬብል አዋሰኝ። በበራ ቁጥር ይብስበታል አለ። ነቅለህ አውጣው፣ መጀመሪያ የሚያስፈልግህን ብቻ ቅዳ፣ ሁሉን በአንዴ አትመኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሳበራው የነበርኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ስለዚህ ሳስብ መጣሁ።

አክስቴ ምስር ትለቅም ነበር። «አርባው ሳይወጣ አንድ ዕቃውን ላነሣ ነው» አልኳት። ዲስኩን አስረዳኋት፣ ስለ ሰናይትም ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አንተ ደንባራ! እኔ ስለ ብረት መቼ ወጣኝ? ልብሱን ነው ያልኩህ።»

«ሕግ ነው አልሽ እኮ።»

«የት ተጽፎ ያውቃል? ባዶውን ምስማር እንዳላይ ብዬ ነው።» ሰፌዱን መልሳ አነሣች። «ይልቅ የሰው ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ አቁመህ ለሟች ታደላለህ? እሱ ራሱ ይታዘብሃል።»

የስልኳን መብራት ያዘችልኝ። አራት ብሎን። ዲስክህ ሲወጣ ገና ትኩስ ነበር። አዲሱን በቦታው ገጠምኩት።

ዐሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ተነሣ። ለካሁት፤ አምስት መቶ አራት።

«አየህ!» ብዬ ዞርኩ።

አክስቴ መብራቱን እስካሁን አላጠፋችውም ነበር።

ሐሙስ

ከትምህርት በፊት ዲስክህን በኬብሉ አገናኘሁ። ሁለት ፎልደር ነው የምፈልገው። «መጠለያ» እና «የኛ»።

አልዋሽህም፣ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ «የኛ» ነው። የጥምቀት ፎቶ አለ እዚያ። ጊታር ልትለምድ ስትሞክር ጎረቤት ያስቸገርክበትም አለ። ጣቴን አነሣሁ፣ መለስኩ፣ አነሣሁ።

«የልጅቷ ወረቀት ወጣ?» አለች አክስቴ ሻንጣዋን እያሰረች።

«መጠለያ»ን ጎተትኩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ራሱን አስነሣ። የሰናይት ካርድ መጣ። ስሟ ይነበባል፣ ውጤቷ ይነበባል፣ ከታች ግን ግራጫ ሆኗል፤ ከማህተሙ የሚታየው ግማሹ ነው።

ከዚያ «የኛ»። ዐሥራ አንድ ፎቶ ቀዳ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ነቅዬ ሰካሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ።

ከዐሥራ አንዱ ሰባቱ የአክስቴ በግ ናቸው። «ይኸን በግ ምን ብሎ ነው እንዲህ የደጋገመው?» ብላ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ቲቸር ታዬ አዲስ አበባ ከእንዲህ ያለ ዲስክ ፋይል ለማውጣት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ አለኝ። ደግሞ አብርተህ እንዳትነካካው አለ። በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ።

ሀብቴ፣ ትቀየመኛለህ? ቅደም ተከተሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ለአርባው ጠላ መጥመቅ አለባት። መነኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። «በሩን ከውስጥ ቆልፍ። ደግሞ ብላ። ቀርተህ ስትማር እንዳልሰማ» አለችኝ። ቀርተህ ስትማር! እየሳቅኩ ተመለስኩ።

አርብ

ዛሬ ጠዋት ማንም አልቀሰቀሰኝም። ብቻዬን ሳድር የመጀመሪያዬ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁና ትናንት የተጠረገውን ወለል ጠረግሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ውሃው ጥርስ ያንገጫግጫል። አንድ ጊዜ «ተነሥ» ብዬ ነበር። ለማን እንዳልኩ እንጃ። ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ካርዱን የቀዳሁበትን ፍላሽ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ማተሚያ ቤቱ እስኪከፈት በር ላይ ቆምኩ። ሁለት ቅጂ አስወጣሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽና ሰናይት ትምህርት ቤቱ ጋ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሰናይት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ማህተሙን አይጥ በልቶታል?»

«ዲስክ ነው የበላው።»

«ሒሳቤን አለመብላቱም ደግ ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ነኝ።»

ወረፋው ረጅም ነበር። መዝጋቢው ወረቀቱን አየ፣ ገለበጠ፣ እንደገና አየ። «ይኸ ማህተም አይደለም፣ የማህተም ግማሽ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይዩት፣ ወደ ጎን ቁሙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ወንድሟ ነህ?»

«አይደለሁም። ካርዱን ስካን ያደረገው የኔ ወንድም ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይምጣና ያስረዳ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ መሬት መሬት አዩ። ሰናይትም።

«እኔ አስረዳለሁ» አልኩ።

ይህን የምጽፈው ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ነው። ርዕሰ መምህሩ ገና አልመጡም። የኔ ትምህርት ቤት አንደኛው ክፍለ ጊዜ አልፏል፣ ሁለተኛውም ሊያልቅ ነው።

«አንተ ትምህርት የለህም?» አለችኝ ሰናይት።

«አለኝ» አልኳት፤ ለወይዘሮ ጥሩነሽም ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።