ድምፅ ያጣችው ፋ

ውድ መምህሬ፣

ጤናዎን የማልጠይቀው ጠልቼዎት አይደለም፤ ደህና መሆንዎን ባለፈው ወር በሬዲዮ ስለሰማሁ ነው። ፀጉር ቤት ተቀምጬ ነበር። ጋዜጠኛው ስለተሸለመው ዜማዎ ይጠይቅዎታል፤ ዜማውም ከጀርባ ይሰማል። «ይሄ የኔ ነው!» ብዬ ከወንበሩ ስነሳ ፀጉሬን የያዘችው ልጅ፣ «ኧረ ተቀመጪ፣ አቃጥልሻለሁ! ደግሞ ዝም በይ፣ ሰውዬውን ልስማበት» አለችኝ። እርስዎም ቀጠሉ፤ «በዜማው መሃል እየተመላለሰች የምትመጣው ዝምታ የስንት ዓመት ኀዘኔ ናት» አሉ።

መምህሬ፣ ያቺ ዝምታ የተበላሸ ቁልፍ ናት።

እናቴ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በገዛችልኝ ኪቦርድ ላይ፣ መሃል ያለችው፣ ፋ የምትባለውን ኖታ የምታሰማው ቁልፍ ብትጫንም አትጮህም ነበር። ዜማውን ስሠራ እሷን እየተጫንኩ ድምፅዋን የምሰማው በጭንቅላቴ ነው። ቅጂውን በፍላሽ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ያሉኝን አልረሳሁም፤ «አንቺ ልጅ፣ ይህቺን ክፍተት እንዴት አሰብሻት? የዕድሜሽ እኮ አይደለም!» ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አሮጌ መሣሪያ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። መናገር አፈርኩ። «እንዲሁ መጣልኝ» አልኩ። ውሸቴን ነበር። እርስዎም፣ «ቤት ሆኜ ረጋ ብዬ ልስማው» ብለው በስልክዎ ቀዱት።

ሙዚቀኞች ማኅበር ዘንድ ስከስዎ ሰብሳቢው፣ «ያጎረሰሽን እጅ ትነክሻለሽ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ማን ማንን እንዳጎረሰ ይጣራ» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ዋናውን ቅጂ እስከ ሐሙስ አምጪ። በባዶ እጅሽ ግን እንዳትመጪ» አሉ።

ዋናው ቅጂ ያው ፍላሹ ውስጥ ያለችው አሥራ አንድ ኪሎባይት የሚዲ ፋይል ናት። የሠራሁበት ኮምፒውተር ከሞተ ቆይቷል። ያለኝ፣ የአጎቴ ልጅ መሥሪያ ቤቱ ሲጥለው አምጥቶ ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሲስተም የጫነበት ዴስክቶፕ ነው። ፋይሉን ከፈትኩት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። ድምፅ ማጉያውን ነቅዬ ሰካሁ። ሌላ ዘፈን ስከፍት ይጮሃል። የኔው ብቻ ዱዳ ሆነ። የአጎቴን ልጅ ጠራሁት።

«እህቴ፣ ሚዲ እኮ ድምፅ አይደለም» አለኝ። «የትኛው ቁልፍ መቼ ተመታ፣ ምን ያህል ጠንክሮ ተመታ የሚል ጽሑፍ ነው። ተጫዋች ካላመጣሽለት አይጮህም። አንቺ ሜኑ አንብበሽ ጠገብኩ ማለት ነው የፈለግሽው።»

«እና ተጫዋቹን አምጣዋ!»

አመጣ። ጽሑፉን አንብቦ የሚጫወት ፍሉይድሲንት የሚባል ፕሮግራም፣ ከእሱም ጋር የፒያኖና የቫዮሊን ድምፆች የታጨቁበት አንድ ትልቅ ፋይል ጫንን። አሁንም ጸጥ። ሁለት ቀን ከሥራ መልስ ታገልን። ለካ ዜማዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚላከው ቁጥር 14 ወደሚባል፣ ማንም ወደሌለበት በር ኖሯል፤ ተጫዋቹ የሚጠብቀው 128 ላይ ነው። «እንግዳ በጓሮ፣ ተቀባይ በደጅ» አለ የአጎቴ ልጅ። ቁጥሩን ቀየርኩት። ዜማው ጮኸ፤ ከነዝምታው።

እሱ አጨበጨበ። እኔ ደስ አላለኝም። እንዲህ ሆኖ ብወስደው፣ «ከእኔ ሰምታ ገለበጠችው» ቢሉ ምን እመልሳለሁ? ስለዚህ እያንዳንዷን ኖታ ከነጥንካሬዋ በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩት። ጥንካሬው እስከ 127 ይደርሳል። ዝምታ ባለበት ቦታ ሁሉ አንዲት ፋ ተቀምጣለች። ጥንካሬዋ አንድ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ያ ቁልፍ ጨርሶ አልሞተም ነበር፤ ጆሮ በማይሰማው መጠን ጣቴ ያረፈበትን ሁሉ መዝግቧል። እርስዎ የወሰዱት የተሰማውን ነው። ያልተሰማውን ከየት ያመጡታል?

የአሥራ ዘጠኙንም ጥንካሬ ሰባ አደረግኩት።

መምህሬ፣ ዜማው የኀዘን አይደለም። ደረጃ በሩጫ የሚወጣ ሰው ነው የሚመስለው። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ እጇ እንደራሰ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ይሄማ ያኔ ፈተና አልፈሽ ስታንጎራጉሪው የከረምሽው ነው» አለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የገዛ ዜማዬን ሳይጎድል ከመሣሪያ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ተሸክሜ እሄዳለሁ። ፋዎቹን ከማሳየቴ በፊት የሚያሳፍረኝን አስቀድማለሁ፤ በድህነቴ አፍሬ እንደዋሸሁ፣ ባልሠራሁት ዝምታም እንደተመሰገንኩ እናገራለሁ። ያቺን ዝምታ ከወደዷት ይውሰዷት፣ የኔ አይደለችም። ኖታ ማንበብ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም በሰው ፊት አልክድም። እርስዎም የኔን አይካዱ። ቀድመው እውነቱን ከተናገሩ ፋይሉን አልከፍተውም፤ እጅ ነስቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ካልተናገሩ ግን እከፍተዋለሁ፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደርገዋለሁ።

አሁንም የማከብርዎ፣ ከእንግዲህ ግን የማልፈራዎ፣

የዜማው ደራሲ