ጻካኔ ላይ የወረደው መስመር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4። ጠዋት 2፡30
ዛሬም ሥራ ከመኝታ ቤት። ላፕቶፑ አልጋ ላይ፣ ካሜራው ጠፍቷል። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ፊቴን አልታጠብኩም። ስብሰባው ስለ አዲሱ የጋዝ ማመንጫ ነው። ባለሀብቶቹ ይገንቡ ወይስ ይተዉት? መልሱ የኔን የመብራት ፍላጎት ትንበያ ይጠብቃል። በውድድር ገበያ ለማይሸጥ መብራት ማንም ጣቢያ አይተክልም። አለቃዬ ዮሃን መነሻችን ኮሮና የዘጋን ዓመት ይሁን አለ፤ ባንክ የሚያምነው የተለካ ቁጥር ነው። ልክ ነው፣ በምኞት የገነባ ከስሯል። ግራፉ ላይ የከተማው ዳር ሰፈር፣ የጻካኔ መስመር ቁልቁል ወርዷል። ከሥሩ «ፍላጎት ቀንሷል» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ።
ወንድሜ ከድር ሱቁ እዚያ ነበር። ከሞተ ሰባት ሳምንቱ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6
በዚህ በሰው አገር የሥራ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። የማደሻውን ደብዳቤ የሚፈርመው ዮሃን። ሪፖርቱ ሰኞ፣ ደብዳቤውም ሰኞ። አርፌ ልቀመጥ።
ከድር ኮሮና ሲይዘው፣ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ ይይዙኛል ብሎ ነው ሆስፒታል ሳይሄድ የቆየው። ሲሄድ ረፍዶ ነበር። እኔም ታምሜ ቀብሩን በስልክ አየሁ። አላህ ይርሐመው። «መሐንዲሷ፣ መብራት የሚጠፋው አንቺ እያቀድሽው ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8
ጻካኔ ሄድኩ፣ የከድርን ዕቃ ላነሳ። ታክሲው ውስጥ ሁሉም ጭንብል አጥልቆ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ብርድ። ሱቁ ሽታው እንደነበረ ነው። ፍሪጁ ተነቅሏል። የካርድ ቆጣሪው ላይ ግን ከድር የሞላው ቀሪ ሂሳብ አለ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።
በሩ ሲከፈት አይተው ጎረቤቱ ጎጎ ታንዲ መጡ። አሮጊት ናቸው፣ «ጎጎ» በአገሬው ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ከድርን «ማይ ፍሬንድ» ነበር የሚሉት። የት ሄደ አላሉም፣ ያውቃሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ፍሪጁ መቼ ይሠራል? የስኳር መድኃኒታቸውን ከኮካው ጀርባ ያስቀምጥላቸው ነበር። አሁን ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው ባልዲ ውሃ ውስጥ ነው።
እኔ ደግሞ ፍላጎት ቀንሷል ብያለሁ! አፈርኩ። ዕቃውን ተውኩት። ፍሪጁን ሰክቼ የሱቁን ቁልፍ ለጎጎ ሰጠሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 10። ከረፋዱ 5፡00
«ቀንሷል» የሚለውን ሰረዝኩ። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ባለቤቶቻቸው ታመዋል፣ ሞተዋል፤ መብራቱን የሚፈልጉት ሰዎች ግን እዚያው ናቸው ብዬ ጻፍኩ። መነሻውን ከኮሮና በፊት ወደነበረው ዓመት መለስኩ። ዮሃን ደወለ። እንዲህ ከሆነ ኮንትራቴን ማደስ እንደሚከብደው ነገረኝ፣ በትሕትና። እስከ ምሳ አስቢበት አለ።
ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። ከድርም እንዲህ ፈርቶ ነው ከሆስፒታል የቀረው።

6፡20
ሪፖርቱን እንዳረምኩት ላክሁት። ከነስሜ።
ጎጎ ታንዲ ደውለው ነበር። ከድር የሞላው መብራት ሊያልቅ ነው። ነገ ሄጄ እሞላለሁ።