ቀረሶዋ አፏን እስክትከፍት

ሰኞ

በርሜሉ ዛሬም ሞልቶ ፈሰሰ። ፓምፑ ከመስታወቱ ገንዳ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ውኃው በበርሜሉ ጠጠርና ስፖንጅ ተጣርቶ በቧንቧ ይመለሳል። መመለስ ያለበት ግን እየተንጠባጠበ ነው። ፓምፑን ብቀንስ ዓሣዎቹ አየር ያጥራቸዋል፣ ባልቀንስ ገንዳው ይጎድላል። ቅዳሜ ከአርብ ገበያ ከተማ ከተመለስኩ ጀምሮ እንዲህ ነው።

ሴቷ ዓሣዬ ቀረሶ፣ እንደ ዘሯ ልማድ፣ እስኪፈለፈል እንቁላሏን በአፏ ይዛለች። እህል አትቀምስም። ከተጨነቀች ወይ ትተፋዋለች ወይ ትውጠዋለች። ያለችኝ ሴት ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ጫጩቶቹ ካደጉልኝ ኩሬ ለቆፈሩት የእስቴ ገበሬዎች እሸጣለሁ። ካልሆነ ደብረ ታቦር ወንድሜ ሱቅ ገብቼ ሳሙና መደርደር ነው። "ነግሬሽ ነበር" የሚለኝ ነገር ከወዲሁ ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ

ቧንቧው ጠቦ ነው ብዬ ደመደምኩ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ሰይድ ወፈር ያለ ቆረጡልኝ፤ ዓሣ ነው ወይስ ማሳ የምታጠጪው ብለው ሳቁብኝ። ቀጥተኛውን ክፍል ቀየርኩ። ከበርሜሉ ሥር ያለውን መታጠፊያ ግን ተጣብቆ እምቢ ስላለኝ ተውኩት።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ውኃው አየር እንዲያገኝ በጆግ እየቀዳሁ ከላይ አፈስሳለሁ። ክንዴ ዝሏል።

ረቡዕ

ወፍራሙ ቧንቧ ምንም አልፈየደም። ጠዋት አንዱ ወንድ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ሴቷ ጥግ ይዛለች፣ አፏ አሁንም ሙሉ ነው።

ተናደድኩና መታጠፊያውን በመጋዝ ቆረጥኩት። ውስጡ የተጨማደደ ቅጠል ተወትፏል። አሸተትኩት፤ ግራዋ!

እናቴን ጠራኋት።

"ዓርብ አንቺ የለሽም፣ በርሜሉ ሸተተኝ። ሰው ቢመጣ ምን ይለናል ብዬ በግራዋ ፈትጌ አጠብኩልሽ" አለች።

"እማዬ፣ የጠላ ጋን እኮ አይደለም!"

ጠጠሩን ሳይቀር አንድ በአንድ ፈትጋዋለች። ቆሻሻ የመሰላት ጠጠሩ ላይ የያዘው ቡናማ ልጋግ ነበር ውኃውን የሚያጠራልኝ። ጮህኩባት። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዓሣው ይልቅ ይህ ሆዴን በላው።

ሐሙስ

ከበርሜሉ ሥር መታጠፊያ የሚባል አላስቀመጥኩም። ለስላሳ ጎማ አስገብቼ ቀስ ብሎ እንዲጎብጥ አደረግሁት። ውኃው ግር ብሎ ወረደ! ብቻዬን ሳቅሁ።

እማዬ ሳልጠይቃት ከጠጠሩ መሃል የቀረውን ቅጠል ስትለቅም ዋለች። ይቅርታ አልኳት። "ዓሣሽ ትኑርልሽ እንጂ" አለች። ውኃው ገና ደፍርሷል፤ ልጋጉ እስኪመለስ ትንሽ ትንሽ እየቀየርኩ መጠበቅ ነው።

ዓርብ

ቀድማ ያየችው እማዬ ናት።

"ነይ እስቲ፣ ከአፏ ትንኝ የሚመስል ወጣ።"

ጫጩቶች! ዓይንና ጭራ ብቻ ናቸው። ደስታዬን ሳልጨርስ ውኃው ወደ ፓምፑ አፍ ሲጎትታቸው አየሁ። ስንት ቀን የለፋሁበት የውኃው ኃይል ልጆቹን እየወሰደብኝ ነው። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ፓምፑ ቆሞ ከቆየ ደግሞ በዚህ ድፍርስ ውኃ ሁሉም ያልቃሉ።

እማዬ ሻሿን ፈትታ ሰጠችኝ። በፓምፑ አፍ ላይ አሰርኩት፤ እንዳይስባቸውም ውኃው ወደ በርሜሉ የሚወጣበትን ቧንቧ ራሴው ከግማሽ በላይ ዘጋሁትና ሶኬቱን መለስኩ።

ሴቷ አፏን ከፈተች፣ ጥቂቶቹ ተመልሰው ገቡ። የቀሩት ድንጋይ ሥር ይሁኑ ፓምፑ ውስጥ አላውቅም። ፓምፑን ፈትቼ ልይ ብል እማዬ እጄን ያዘች።

"ተያት፣ እናታቸው ትቁጠራቸው" አለችኝ።