ወ/ሮ ጉድሩን ዛይፈርት፦ ኒውት በጠፋበትም በተትረፈረፈበትም ዘመን

ወ/ሮ ጉድሩን ዛይፈርት ከአባታቸው ከጫማ ሠሪው ከአቶ ኤሪሽ ሌሽነርና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፍሪዳ ሆፍማን፣ በሙልደ ወንዝ ዳር በምትገኘው በግሪማ ከተማ እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1938 ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው ያጠናቀቁ ሲሆን፣ በሒሳብ ደከም ቢሉም በሳቅ ግን የክፍሉ አንደኛ እንደነበሩ ዛሬ እዚህ የተገኙ የክፍል ጓደኞቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1955 በከተማችን በሚገኘው የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ጸደይ በመጣ ቁጥር ከየኩሬው በመረብ የተጠመደ ኒውት በባልዲ ይቀርብላቸው ነበር። እንሽላሊት የሚመስለውን፣ ግን የእንቁራሪት ዘመድ የሆነውን ይህን ጣት የሚያህል የውሃ ፍጥረት ወ/ሮ ጉድሩን ገና በመጀመሪያው ቀን ወደዱት። ገዢዎች ግን አያያዙን ስለማያውቁ አብዛኛው በጋውን ሳይጨርስ ይሞት ነበር። ቆየት ብሎ ከኩሬ ማጥመድ በሕግ ተከለከለ፤ ከውጭ የሚያስመጣም ስላልነበረ ኒውት ከሱቁ ጠፋ። እሳቸው ግን የመስታወት ገንዳውን ከነውሃውና ከነሣሩ ከመስኮቱ አላነሡትም።

በዚያን ጊዜ በምሥራቅ ጀርመን ለሁሉም ነገር ሰልፍ ነበረና፣ «ጉድሩን፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ሲሏቸው፣

«ውሃ ነዋ! እሱንም ከፈለጋችሁ ተሰለፉ» ይሉ ነበር።

ከትዳር አጋራቸው ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ሄልሙት ዛይፈርት ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሱቅ ነው። አቶ ሄልሙት ለእናታቸው የካናሪ ወፍ ገዝተው ከሄዱ በኋላ እየተመላለሱ ስሞታ ያሰሙ ጀመር።

«ስሚ እንጂ፣ የሸጥሽልኝ ወፍ እኮ አትዘፍንም!»

«ሴት ናታ! የሚዘፍነው ወንዱ ነው፤ እሱን ብሰጥህ ኖሮ መቼ ትመለስ ነበር?»

በ1961 በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ልጆች፣ ኡልሪከንና የንስን፣ ወለዱ።

በላይፕዚግ የሚኖሩት አክስታቸው የንግድ ትርኢት በደረሰ ቁጥር ለእንግዶች ክፍል ያከራዩ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ፈረንሳዊው የማሽን ነጋዴ ሙሴ ፌርናን፣ በ1967 ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ተቀምጠው ሳለ «በሚቀጥለው ዓመት ምን ላምጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አክስትየው ሽቶ አሉ። የአክስትየው ልጅ ስቶኪንግ አለች። ወ/ሮ ጉድሩን «እኔ ኒውት» ሲሉ ማዕዱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴ ፌርናን ግን ቃላቸውን አከበሩ። በዓመቱ መጋቢት ወር ከሻንጣቸው ፔርሙዝ አውጥተው ክዳኑን ሲከፍቱ፣ እርጥብ ሣር ተጎዝጉዞላቸው ጀርባቸው አረንጓዴና ጥቁር የሆኑ አራት ኒውቶች ተቀምጠዋል። አክስትየው ሽቶውን የረሱት ያን ጊዜ ነው።

ወ/ሮ ጉድሩን ኒውቶቹን በቤታቸው ምድር ቤት አስቀምጠው ማርባት ያዙ። እናት ኒውቷ እያንዳንዱን እንቁላል በቅጠል ጠቅልላ ስትጥል ለማየት አቶ ሄልሙት ከሥራ ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ምድር ቤት ይወርዱ ነበር። ከድሬስደን፣ ከፕራግ፣ ከቡዳፔስት ሳይቀር ወዳጆች እየመጡ ግልገል ወሰዱ። በዚያን ዘመን ወ/ሮ ጉድሩን ለማንም አልሸጡም፤ ሲሰጡም «ሲበዙልህ ደግሞ አንተ ለሌላ ስጥ» ብለው ነው።

በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ ባልና ሚስቱ ሱቁን በራሳቸው ስም ያዙ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከቻይና የሚመጣው ሆደ ቀዩ ኒውት ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ዋጋውም ከአንድ ብርጭቆ ቢራ ያነሰ ሆነ።

«እንግዲህ ሰው የሚፈልገውን እንሽጥ» አሉ አቶ ሄልሙት። «የአንቺዎቹ እስኪያድጉ እኛው እናረጃለን!»

«እሺ፣ አንድ ሳጥን አስመጣና እንየው።»

ሳጥኑ ሲከፈት ግማሾቹ ሞተዋል፤ የተረፉትም ከረኃብ የተነሣ አጥንታቸው ይቆጠራል። በሕይወት የቀሩትን ወጥ ቤት ውስጥ ለሳምንታት ያስታመሟቸው፣ ውሃ ሲቀይሩ የከረሙት አቶ ሄልሙት ራሳቸው ነበሩ። በመጨረሻም «ሁለተኛ አላስመጣም» አሉ። ከከተማ ውጭ የተከፈተው ትልቁ መደብር ግን በርካሽ መሸጡን ቀጠለ፤ ደንበኛም ወደዚያው ጎረፈ። ሱቃቸው በውሻ ምግብ ሽያጭ እንደምንም ቆመ።

በነሐሴ 2002 የሙልደ ወንዝ ሞልቶ ከተማችንን አጥለቀለቀ። ውሃው ሲጎድል ሱቁም ምድር ቤቱም ጭቃ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከፔርሙዙ ዘር አንድም አልተረፈም። ስቀው የማይጠግቡት ወ/ሮ ጉድሩን ደረጃው ላይ ተቀምጠው «በቃ፣ አለቀ» አሉ፤ ልጆቻቸውም ጡረታ እንዲወጡ መከሩ።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ የበሩ ደወል ተደወለ። ከብዙ ዓመታት በፊት ግልገል የወሰዱት የፕራጉ አቶ ያሮስላቭ ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

«እመቤቴ፣ የልጅ ልጆችዎን ይዤ መጣሁ።»

ወ/ሮ ጉድሩን ባልዲውን አቅፈው አለቀሱ፤ ወዲያውም ሳቁ። በቀጣዩ ሳምንት ከድሬስደን መጡ፤ ቀጥሎ ከቡዳፔስት። እስከ ገና ድረስ መታጠቢያ ገንዳው ሳይቀር በኒውት ስለተያዘ አቶ ሄልሙት ገላቸውን የሚታጠቡት ጎረቤት እየሄዱ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከውጭ ከሚገቡ እንስሳት ጋር የሚዛመት የቆዳ በሽታ ታወቀና ቁጥጥሩ ጠበቀ። የቻይናዎቹ ኒውቶች ከየመደብሩ ጠፉ። የትልቁ መደብር ወጣት ኃላፊ ወደ ወ/ሮ ጉድሩን መጣ።

«እማማ፣ ሰው ኒውት ይላል፤ ከየት ላምጣ?»

«ከእኔ። ግን ትንሽ ትታገሣለህ፣ የኔ ልጅ፤ ገና እንቁላል ናቸው!»

በሰማንያኛ ዓመታቸው ዋዜማ በላይፕዚጉ የአርቢዎች ገበያ ከጠረጴዛቸው ፊት የተሰለፈው ሰው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። እሳቸውም ለእያንዳንዱ አያያዙን እያስተማሩና እየቀለዱ ድምፃቸው እስኪዘጋ ዋሉ። በሕይወታቸው ከሁሉ የበለጠ የተደሰቱበት ቀን ያ እንደሆነ ለልጆቻቸው ነግረዋል።

ወ/ሮ ጉድሩን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2023 በመኖሪያ ቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል በሰላም ዐርፈዋል። ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም አቶ ሄልሙትን ትተው አልፈዋል። አቶ ሄልሙት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ምን እንዲጨመርላቸው ቢጠየቁ፣ እንዲህ አሉ፦ «ከስልሳ ዓመት በላይ አብረን ኖርን። እቤት ስገባ ዛሬ ደግሞ ምን ይጠብቀኝ ይሆን ሳልል የገባሁበት ቀን የለም። ይኸው ነው።»

ፍጥረቱን ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳይል የሚመግብ አምላክ ነፍሳቸውን ከረጋው ውሃ ዳር ያሳርፍልን፤ ለአቶ ሄልሙትና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን፣ ሳቅንም ይመልስልን። አሜን።