የሟቹ ጫማ ሰፊ ድርሻ

ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ትናንት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከሞተ ስምንት ወር ያለፈው ጫማ ሰፊ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ተባለለት፤ አሥር ኪሎ ዱቄትና አንድ ሊትር ዘይትም በስሙ ከመረዳጃው መጋዘን ወጣ።

ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደሜ ግር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ሰላምታዬን ግን አልዘነጋሁም። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ሰነበተ? ያ የማሸጊያ ክፍል ሥራ አሁንም ቀኑን ሙሉ ያቆምሻል ወይስ ቃል እንደገቡልሽ ወንበር ሰጡሽ? ባለቤትሽ ሹፌሩ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ መንገዱ ጠራለት? ታላቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ትንሹስ ጥርሱን ነቀለ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ታዲያ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታነቢዋለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ መልስሽን በጽሑፍ ስለምፈልገው ነው። በአፍ የተባለ ነገር ይዞራል፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ሳርም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ያልተጻፈ ነገር ማመን አቅቶኛል። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነርሷ ናት፤ ነገ ቅዳሜ ትሳፈራለች። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ መጋጠሚያው ላይ ፈርሜበታለሁ። ፊርማው ተቀዶ ከደረሰሽ አሳውቂኝ። ልጅቷን ጠርጥሬ አይደለም፤ እናቷን ነው። የመረዳጃው ኮሚቴ አባል ናት።

ስለ መረዳጃው ከዚህ ቀደም በጨረፍታ ጽፌልሽ ነበር። ፈትል ፋብሪካው የተዘጋ ዓመት፣ ታላቋን ልጅሽን ያዋለዱት እትዬ አዋላጇ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ከየቤቱ በሳምንት አንድ ጣሳ ዱቄት ማዋጣት ጀመሩ። ወፍጮ ቤቱ ኩንታል ጨመረበት፣ ዳቦ ቤቱ ያደረ ዳቦውን ሰጠ፣ አናጢው የፋብሪካውን አሮጌ መጋዘን በር ጠገነ። ዛሬ ሰማንያ ስድስት ቤተሰብ ሐሙስ ሐሙስ ከዚያ ይወስዳል። ያየሁትን አልክድም፤ ጎሕ ሳይቀድ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ፍርፋሪ ለመልቀም ይቆሙ የነበሩት ሴቶች አሁን እዚያ የሉም።

በመጀመሪያው ዓመት ግን ሐሜት ተነሣ። ዱቄቱ የሚሰፈረው ለዘመድ አዝማድ ነው ተባለ። እትዬ አዋላጇ ሐሜት እንደ ቁስል ሳያመረቅዝ መከፈት አለበት የሚሉ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱ ተረጂ ስም በግቢው መሀል ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ የተጠራውም ሰው ሁሉ እየሰማው «አለሁ» ብሎ ድርሻውን ያነሣል። ታሞ የቀረ ካለ ወኪሉ ይመልስለታል። ማን ምን እንደወሰደ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ይህን ሥርዓት ያመሰገነውን የጋዜጣችንን ጽሑፍ ያረምኩት እኔ ነበርኩ፤ አንዲት ቃል እንኳ አልቀነስኩበትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ አዋላጇ ክፍሌ ድረስ መጡ። አንድ ትልቅ ረጂ ድርጅት የተረጂዎቹ ዝርዝር ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዱቄቱን በእጥፍ ሊጨምር ቃል ገብቷል፤ ዝርዝሩን ግን የኮሚቴው አባል ያልሆነ ሰው መርምሮ እንዲፈርምበት ይፈልጋል። «የጠፋች ነጥብ የምታገኝ ሰው የጠፋ ዱቄት አያቅትህም» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ወረቀቱንም ተቀበልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ከያዝኩት በኋላ አልለቀቅኩትም።

ከሰማንያ ስድስቱ ውስጥ አራት ሙታን አገኘሁ። ጫማ ሰፊው፣ ድልድዩ ሥር ትኖር የነበረችው ልብስ አጣቢ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና መንገድ ዳር አላፊ አግዳሚውን በሚዛን ይመዝን የነበረው ዓይነ ስውር። የሁለቱን ቀብር ራሴ ሸኝቻለሁ፤ የሁለቱን ደግሞ ልጆቻቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አራቱም ግን በየሐሙሱ ዱቄት ይወስዳሉ።

ጥርጣሬዬ በቀጥታ ወደ መጋዘን ጠባቂው ሄደ። ጓጉንቸር ይሉታል፤ ከመጋዘኑ በር ጋር አፉንም ስለሚቆልፍ ነው። ቀድሞ የጭነት መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ማር ቆራጭ ጣቱን መላሱ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ሰሞኑን አዲስ ጫማ ተጫምቷል፤ ይህንንም ልብ ብያለሁ።

ትናንት እንግዲህ ጋዜጣ ዘርግቼ የግቢው ግንብ ሥር ተቀመጥኩ። ስም ጠሪዋ ድሮ አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ የነበረች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከሦስት መንደር ይሰማል። የጫማ ሰፊውን ስም ስትጠራ ከኋላ ጋሪ ገፊው ሽማግሌ «አለሁ» አለ። ከፊቴ የቆመች ሴት ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ እንዲህ ቶሎ አይመልስም ነበር አለቻት። ጓደኛዋ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ እኔን በዓይኗ እያሳየቻት፣ ዝም በይ እቴ፣ ጋዜጣውን ገልብጦ የያዘ አንባቢ አለ አለቻት። እውነትም ገልብጬው ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ነገሩን የማያውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የተሰረቀ ነገር ከሆነ ሁሉም ተስማምቶ ነው የሰረቀው ብዬ ብስጭቴ ጨመረ።

ጋሪው አራት ከረጢት ጭኖ ወጣ። ራቅ ብዬ ተከተልኩት። የመጀመሪያው በር እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መርፌ መያዝ ያቃተው ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ሁለተኛው የአንድ ትልቅ ሹም ሚስት የነበረች መበለት ቤት ነው፤ ጋሪ ገፊው ከረጢቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አንኳኳና ሳይጠብቅ ሄደ። በሩ የተከፈተው ጋሪው ከታጠፈ በኋላ ነው።

ሦስተኛው በር አረንጓዴ ነው። የታችኛው ማጠፊያ የላላ፣ ሲከፈት መሬት የሚጭር በር። አንቺ ልጅ ሳለሽ ስምሽን በምስማር ጭረሽበት የተገረፍሽበት በር ነው።

እማዬ ሳይንኳኳ ከፈተች። ዘይቱን ከነጠላዋ ሥር አስገባች፣ ጋሪ ገፊው ከረጢቱን አዘልቆ ወጣ። እኔ የመብራት ምሰሶ ተከልዬ እንደ ሌባ ቆሜያለሁ። ከውስጥ አባባ ማን መጣ ብለው ጠየቁ። እማዬም ልጅህ ዱቄት ልኮ ነው አለቻቸው። ይባረክ፣ ይህ ልጅ አንድ ቀንም አላሳፈረኝም ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

እታለም፣ ጋዜጣው ከዕለታዊነት ወርዶ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መውጣት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ደመወዜም አብሮ ወረደ፤ ለአንቺ ያልነገርኩሽ ስለማትተኚ ነው። ለእነሱ የምወስደውን ዱቄት በግማሽ ቀነስኩ። እማዬ አንድ ቀንም አልተከፋችም፤ እንዲያውም አታብዛ ልጄ፣ ያለፈውም ተርፎናል ትለኝ ነበር። ግማሽ እንዴት ይተርፋል ብዬ አልጠየቅኩም። የሰው ሁሉ ስሕተት የሚታየኝ ሰውዬ የእናቴን ማድጋ ከፍቼ አላየሁም። አባባ ባገኙኝ ቁጥር ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ያልላክሁትን ዱቄት ምርቃት ስቀበል ከርሜያለሁ።

አባባን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ዛሬ ግቢው ውስጥ ከሚሰለፈው ሰው እኩሌታውን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው እዚያ መሀል ተጠርቶ «አለሁ» ከሚሉ ጾማቸውን ማደር ይመርጣሉ። ይህንን እማዬ ታውቃለች፤ ጓጉንቸርም ያውቃል።

ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ ሄድኩ። ጓጉንቸር ወለሉን ይጠርግ ነበር። ሦስት በር አይቻለሁ፣ ከረጢቱ ግን አራት ነው አልኩት። መጥረጊያውን ሳያቆም፣ ያየኸው አነሰህ ወይ አለኝ። ከዚያ ቀና አለና፣ አባትህ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንበርክከውኝ ነበር አለኝ፤ ደብተሬ ጠፋ ብዬ በመዋሸቴ። በማግሥቱ አዲስ ደብተር በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ሰው ሳያይ፣ ለእናትህ አድርስልኝ ብለው እቃ የሚልኩ መስለው ሰጡኝ። ለማንም አልተናገሩም፣ እኔም ለማንም አልናገርም ብሎ ወደ መጥረጉ ተመለሰ።

ታሪኩ ልብ ይነካል። ነገር ግን ልብ የሚነካ ታሪክ ያለው ሰው ሁሉ እጁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከእኛ በር ወዲያ ጋሪውን ስላልተከተልኩ አራተኛው ከረጢት የት እንደሚደርስ አላወቅኩም፤ ጫማውም አዲስ ነው። እንደ ሦስተኛው ያለ አራተኛ በር እንዳለ፣ ከኋላው እንደኛ አባት ያለ ሰው እንደተቀመጠ ማመን እፈልጋለሁ። መፈለግና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ከዚያ የባሰው ጥርጣሬ መንገድ ላይ ያዘኝ። እትዬ አዋላጇ ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠው ወረቀቱን ለእኔ ለምን ሰጡኝ? የጠፋ ዱቄት እንዳገኝላቸው ነው ወይስ ባገኘው ጊዜ አፌን የሚያስይዘኝ ነገር እንዳለ አውቀው ነው? ሲስቁ የነበረውን ሳቅ ደጋግሜ አስታወስኩት፤ እንዲህም እንዲያም ይነበባል። አንቺም ብትሆኚ ከዚህ አላመለጥሽም። ባለፈው ወር ለባለቤቴ ስትደውዪ፣ እማዬ ሐሙስ ጠዋት አትደውዪልኝ ብላኛለች ብለሻት ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽም ነበር? ወይስ ጠይቀሽ ተነግሮሻል?

ነገሩ ያለበት ሁኔታ ይህ ነው። አራቱን ሙታን ሰርዤ ከፈረምኩ ዱቄቱ እጥፍ ይሆናል። ተራ የሚጠብቁ ሠላሳ ቤተሰቦች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ከእኔ ክፍል በታች ሦስት ልጆች ይዛ የምትኖረው የግንበኛው መበለት ናት፤ ልጆቿ ሲያለቅሱ በወለሉ በኩል ይሰማኛል። ጓጉንቸር ግን ይባረራል፣ እነማን ሲበሉ እንደነበርም ይጠየቃል፣ የአባባም ስም ግቢው መሀል ከመጠራት በከፋ መንገድ ይጠራል። ሳልሰርዝ ከፈረምኩ ደግሞ ሐሰት መሆኑን የማውቀውን ወረቀት አሳልፌያለሁ ማለት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት አድርጌው አላውቅም።

ሌላም ወረቀት አርቅቄያለሁ። ስም ጮክ ብሎ መጥራት ይቅር፣ አራቱ ቤተሰቦች በገዛ ስማቸው እትዬ አዋላጇ ብቻ በሚይዙት መዝገብ ይግቡ ይላል። ሐሜቱ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ የማማው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለዚህ ወረቀት ግን አራት እውነተኛ ስሞች ያስፈልጉኛል። አራተኛውን ጓጉንቸር እስከ ሐሙስ እንዲነግረኝ ጠይቄው፣ እስኪ እናያለን ብሎኛል። ሦስተኛውን ለመጻፍ ደግሞ አባባ ማወቅ አለባቸው። እማዬ ለዘለዓለም እንዳይሰሙ ትፈልግ ይሆናል። የበኩር ልጅ አንቺ ነሽ፤ ይነገራቸው ካልሽ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ምርቃታቸውንም እመልስላቸዋለሁ። ነርሷ እዚያ ከደረሰች በኋላ ሐሙስ የሚመለስ የሥራ ባልደረባ አላት፤ መልስሽን በእሱ እጅ ላኪልኝ። ታውቂ ከነበረም አውቅ ነበር ብለሽ ጻፊው፤ አልቀየምሽም፣ ነገር ግን ልወቀው።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቼዋለሁ በይልኝ። ታላቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን ሳል ይዟቸዋል ብለሽኛል፤ ምሕረት ያውርድላቸው። ባለቤቴ ስለ ላክሽላት መነጽር ታመሰግንሻለች፤ ልጄም አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ታደርቀናለች። እማዬ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ ሁልጊዜ እንደምትለው ግን ጥጋብ ላይ ነን በላት ትላለች። አባባ ትናንት ማምሻውን ሳያቸው፣ ለእህትህ ስትጽፍ ወንድምሽ አላስራበንም ብለዋል በላት አሉኝ። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ።

ስብሰባው እሑድ በሃያ አንድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱንም ወረቀት ይዤ እገባለሁ፤ ሁለቱም ገና አልተፈረሙም።

ወንድምሽ

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ክፍሌ
ዓርብ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን